ከዝርዝሩ የተሰረዘው ስም

አንድ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነበር፤ ስሙ ስንሻው ይባላል። ነገር ሁሉ የተበላሸበትን ቀን ንገረን ሲሉት፣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውን ያን የነሐሴ ቅዳሜ አይጠራም። እሱ የሚጠራው ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ የነበረውን የየካቲት ማክሰኞ ነው፤ ለልዩ ልዩ ሥልጠና የሚሄዱ ሰዎች ስም በመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈበትን ቀን።

ስንሻው የሚሠራባት ከተማ ከኮረብታ ሥር የተቀመጠች ናት። ከኮረብታው ወገብ ላይ ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ትልቅ ኩሬ አለ። ኩሬውን የያዘው በአፈር የተሠራ ክትር ነው። ከክትሩ በታች ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙን ተከትለው ጎመንና ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ይኖራሉ። በክትሩ ውስጥ ሦስት ቀጫጭን ቧንቧዎች ቁልቁል ተተክለዋል። ስንሻው በየማለዳው ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር እየሰደደ ውሃው በቧንቧዎቹ ውስጥ የት እንደደረሰ ይለካል፤ በደብተሩም ይጽፋል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለክቶ ጽፏል። የጻፈው ቁጥር ምን እንደሚል ያስተማረው ሰው ግን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ስለ ውሃ ብክለት እንጂ ስለ ክትር አይደለም። ክትሩን የሠሩት ሰዎች ሜትሩን አስረክበውት ሄዱ። እሱም ነገሩን በራሱ አሰላው፤ ውሃው በቧንቧው ከፍ ካለ ክትሩ እየራሰ ነው፣ ዝቅ ካለ ደግሞ እየደረቀ ነው ብሎ። ለሚሰማው ሰው ትክክል ይመስላል። እሱ ግን እርግጠኛ አልነበረም፤ እርግጠኛ አለመሆኑም ሰላም ይነሳው ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ምሳውን እየበላ እንኳ ቀና እያለ ወደ ኮረብታው ያያል።

ከክትሩ በታች የመጀመሪያው ማሳ የእትዬ የሺመቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አራት ልጆች ያሳደጉት በዚያች ማሳ ጎመን ነው። ስንሻው ለክቶ ሲወርድ መንገዱ በአጥራቸው በኩል ስለሆነ ሳይጠይቁት አያሳልፉትም።

«ያ ጎረቤቴ እንዴት አደረ?» ይሉታል፤ ኩሬውን ማለታቸው ነው።

«ደህና አድሯል እትዬ።»

«አንተ ደህና ካልክ እኔም ጎመኔን ላጠጣ» ብለው ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። ጥቂት እንደተራመደ ግን ሳቁ ይጠፋል። እሱ እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር ሌላ ሰው ተማምኖ እንደሚያድር ያውቃላ።

ጥር ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። የአፈር ክትርን ስለ መከታተል ለአሥር ቀን ሥልጠና ይሰጣልና፣ በሥራው ላይ የተመደበ አንድ ባለሙያ ይላክ ይላል። ከትምህርቱ ርዕሶች አንዱ የቧንቧ ልኬት እንዴት እንደሚነበብ ነበር። ስንሻው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ጸሐፊዋ የእሱን ስም በሠልጣኞች ዝርዝር ረቂቅ ላይ በገዛ እጇ እንደጻፈችው ነግራ እንኳን ደስ አለህ አለችው። ለሚስቱ ነገራት። ከአማቱ ሻንጣ ተዋሰ።

በዚያ የየካቲት ማክሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ተለጠፈ። በእሱ ስም ቦታ የቸርነት ስም ነበር።

ቸርነት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ከኃላፊው ጋር ምሳ የሚበላ ሰው ነው። ሥልጠና በመጣ ቁጥር የሚሄደው እሱ ነው። ስለ ደን ሠልጥኗል፣ ስለ ደረቅ ቆሻሻ ሠልጥኗል፣ ስለ አየር ብክለትም ሠልጥኗል። ከእያንዳንዱም አንድ ቦርሳና አንድ የምስክር ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ባልደረቦቹ ዶክተር ብለው ሲጠሩት፣ «ገና ነኝ፣ ለመመረቅ ሁለት ቦርሳ ይቀረኛል» ይላቸዋል።

ስንሻው ኃላፊው ዘንድ ገባ። ኃላፊው አቶ ድንበሩ ብድግ ብለው ተቀበሉት፤ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፤ ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ።

«ስማ ስንሻው፣ አንተ ከሄድክ ክትሩን ማን ይለካል?»

«አሥር ቀን ነው፤ በዚያ ላይ በጋ ነው። ዘበኛው እንኳ ይለካዋል፣ አሳየዋለሁ።»

«አየህ፣ አንተ ለሥራው ታስፈልጋለህ። ቸርነት ቢሄድ ግን እዚህ የሚጎድል ነገር የለም።»

«ሲሄድ የሚጎድል ነገር ከሌለ፣ ሲመለስ ሥልጠናውን ምን ሊያደርግበት ነው?»

አቶ ድንበሩ ከልባቸው ሳቁ። ጥያቄውን እንደ ጨዋታ ወስደው፣ የሚቀጥለው ዓመት ያንተ ነው ብለው በር ድረስ ሸኙት። ስሙን ማን እንደሰረዘው ሲጠይቃቸው ኮሚቴው ነው አሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሲጠየቅ «የሰው ኃይል ክፍል ነው» አለው። የሰው ኃይል ክፍል ደግሞ ከላይ ተስተካክሎ ነው የመጣው አለ። ከላይ ማለት ማን እንደሆነ የሚናገር ግን አልተገኘም።

ቸርነት ከሥልጠናው ሲመለስ ስንሻው ንዴቱን ዋጥ አድርጎ በሥልጠናው ላይ የተሰጠውን መጽሐፍ እንዲያውሰው ጠየቀው። ነገ አለው። በሳምንቱ ደግሞ ሲጠይቀው መሳቢያ ውስጥ እንደቆለፈበትና ቁልፉን ቤት እንደረሳው ነገረው። ሦስተኛ ጊዜ የጠየቀው በሰው መካከል ነበር።

«ወንድሜ፣ የሚጠይቁን የምስክር ወረቀቱን ነው፤ መጽሐፉን ማን ይጠይቃል? አንተ ደግሞ ነገ ፈተና ያለብህ ታስመስለዋለህ» አለው ቸርነት።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ስንሻው ፊቱ ጋለ። ወንበሬን የወሰደብኝን ሰው ዳግመኛ አልለምንም አለ በልቡ። አራተኛ ጊዜ አልጠየቀም።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ዘጠኝ ቀን ዘነበ። ኩሬው ጢም ብሎ ሞላ። ስንሻው በቀን ሁለት ጊዜ እየወጣ ይለካ ጀመር። በመካከለኛው ቧንቧ ውሃው በየቀኑ ከፍ ይላል። ስጋቱን ጽፎ ለአቶ ድንበሩ አስገባ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። እንደገና ጻፈ፤ ደርሷቸዋል ተባለ። ልጆቹ ሲያናግሩት እሱ ዝናቡን ያዳምጣል።

ሐሙስ ጠዋት ሜትሩን ሰደደና ውሃው በአንድ ክንድ ወርዶ አገኘው። አላመነም፤ ደግሞ ለካ። ያው ነው። ዓርብ ጠዋት ሌላ ክንድ ወርዷል። ዝናቡ አላቆመም፤ ኩሬውም አልጎደለም። የቧንቧው ውሃ ግን ወርዷል። ስንሻው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው። ቻለው፣ ክትሩ ቻለው አለ ለራሱ።

ሲወርድ እትዬ የሺመቤት ዕቃቸውን በኬሻ አስረው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ወደ ልጃቸው ቤት ሊሸሹ ነው።

«ልሂድ ወይስ ልቅር? ቁርጡን ንገረኝ» አሉት።

«ይግቡ እትዬ። ውሃው እየቀነሰ ነው።»

ኬሻውን እሱ ራሱ ተሸክሞ ወደ ቤት አስገባላቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ክትሩ መካከሉ ላይ ተናደ። ውስጥ ውስጡን ተበልቶ አልቆ ኖሯል። የፋብሪካው ዝቃጭ ወንዙን ሞልቶ በማሳዎቹ ላይ ተኛ። እትዬ የሺመቤት ገበያ ሄደው ስለነበር ተረፉ። ቤታቸው፣ ላማቸውና ማሳቸው አልተረፉም። ወንዝ ዳር የነበሩ ሁለት ሰዎችም አልተረፉም።

አጣሪ ቡድን መጣ። የቡድኑ መሪ በክትር ሥራ ያረጁ መሐንዲስ ናቸው። ከቸርነት መሳቢያ የሥልጠናውን መጽሐፍ አስወጡ፤ አዲስ ነው፣ ጀርባው እንኳ አልታጠፈም። አንድ ገጽ ገልጠው ለስንሻው ሰጡት። ኩሬው ሳይጎድል የቧንቧው ውሃ በድንገት ከወረደ፣ ውሃው በክትሩ ሆድ ውስጥ መውጫ አበጅቷል ማለት ነውና ከታች ያሉ ሰዎች ወዲያውኑ ይነሡ ይላል።

«ውሃው መውረዱን ስታይ ምን ተሰማህ?» አሉት።

«ደስ አለኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ገጽ ከዚህ በፊት አይተኸው ታውቃለህ?» አሉት።

«ዛሬ ነው የማየው።»

ቸርነት ሲጠየቅ፣ ያ ትምህርት ሲሰጥ እሱ ውጭ ስልክ ያነጋግር እንደነበር ተናገረና አለቀሰ። አቶ ድንበሩ ምድቡ መመሪያውን ተከትሎ የተፈጸመ ነው አሉ። የቡድኑ ሪፖርት በመሥሪያ ቤቱ ታይቶ፣ ታርሞና አጥሮ ሲወጣ እንዲህ የሚል ሆነ፦ አደጋውን መከላከል ይቻል ነበር፤ ያልተቻለው የሚመለከተው ባለሙያ ወቅታዊ ሥልጠና ባለመውሰዱ ነው። ስንሻው ከሥራ ተሰናበተ።

የሚያንገበግበው የሪፖርቱ ቃል ሐሰት አለመሆኑ ነው። እውነት ነው፣ አልሠለጠነም። ለምን እንዳልሠለጠነ ግን በሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር አልተጻፈም። በዓመቱ ከአደጋው ስለሚገኘው ትምህርት ትልቅ ሥልጠና ተዘጋጀ፤ ልምድ እንዲያካፍሉ የተጋበዙት አቶ ድንበሩ ናቸው።

ስንሻው እትዬ የሺመቤትን ከተጠጉበት ከልጃቸው ቤት ሄዶ አገኛቸው። ምንም ሳያስቀር ነገራቸው፤ ስለ ዝርዝሩም፣ ስለ መጽሐፉም፣ በኩራት ስለተወው ስለ አራተኛው ጥያቄም። ሰምተውት ሲያበቁ አልጮኹበትም፤ እንዲያውም ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

«እኔ ስለ ቧንቧ የማውቀው የለም ልጄ። አንተ ግቢ ስላልከኝ ገባሁ። አንተንስ ሳታውቅ ተቀመጥ ያለህ ማነው?» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ማመልከቻውን ይቀበሉታል፤ ማኅተም ያደርጉበታል፤ መልስ አይሰጡትም። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቱ ነው።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። ሥልጠና ለወዳጅ የሚታደል ስጦታ አይደለም፤ የሰው ሕይወት በእጁ ያለ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ነው። ለሥራው ታስፈልጋለህ እያሉ ሰውን ከትምህርት ማስቀረት ሥራውን ማክበር አይደለም፤ ዓይኑን ሸፍኖ መንገድ ምራ እንደማለት ነው። ሲሳሳት ጠብቆ አልተማርክም ብሎ መቅጣት ደግሞ በደል ላይ በደል ነው። ቂምም ቢሆን ማንንም አላዳነም። ስንሻው አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ደግሞ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ገጽ በእጁ ይገባ ይሆናል። ይህንን እሱ ራሱ በእትዬ የሺመቤት ፊት ተናግሯል፤ ድርሻውን አልካደም።

ድርሻውን ያልተናገረው ሌላው ሰው ነው። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በምትሠራበት ቦታ ስም የምትጽፍ ወይም የምትሰርዝ ከሆንክ፣ የሰረዝከው ሰው ምን እንደሚጠብቅና ከበታቹ ማን እንደሚኖር ጠይቀህ ታውቃለህ? አንተ ደግሞ፣ በዚያ የካቲት እስክሪብቶ አንሥተህ ስንሻው የሚለውን ስም የሰረዝከው፣ ዛሬ በሌላ ወንበር ላይ ብትሆንም፣ ጡረታ ወጥተህ ቤትህ ብትቀመጥም፣ ይህን ታነበው ይሆናል። ሰውየው ሥራዬን መልሱልኝ አላለም። ያን ስም ስትሰርዝ ምን አስበህ ነበር? ከኮሚቴ ጀርባ ሳትደበቅ፣ ስምህን ከላይ ጽፈህ መልስ ስጠው።