የራሱን ዘይት የጠጣው ሞተር

«ስትናደድ ዳር ያዝና ውረድ» የሚል አባት የነበረው አንድ ሰው ነበረ። አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሌላ ብዙ ምክር አያውቅም፤ ይህችን ግን ጠዋት ቁልፉን ሲያነሳም ማታ ሲሰቅልም ይላት ነበር። ሲሞት መኪናውን ለልጁ ተወለት። እናትየውም እህቶቹም እንጀራ የሚበሉት በዚያች መኪና ነበር።

ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ወንድሜ። «ከታላቄ ጋር ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል፤ ይቅር ብያለሁ። ታዲያ ልቤ ከመንደድ ለምን አልቆም አለኝ? ይቅርታዬ ውሸት ነው ወይ?» ነው ያልከኝ። መልሱ ከዚህ ሰው ጋር ነው፤ ታገሠኝ።

ልጁም እንደ አባቱ ሹፌር ሆነ፤ አንድ ቀን ሲሚንቶ ጭኖ ከወንዙ ወደ ላይ ዳገቱን ይወጣ ነበር። የተጫነ መኪና ዳገት ላይ ከቆመ እንደገና ማስነሳቱ መከራ ነው። መሃል መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አህዮቹን መንገድ ሙሉ አድርጎ ይነዳል። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። አህያ ለክላክስ አይቸኩልም፤ ሽማግሌውም ከአህዮቹ ብዙ አልፈጠነም። እንደ ምንም ተጎትቶ ሲያልፈው ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰደበው። ስድቡን አልደግመውም፤ ሽማግሌውን ብቻ ሳይሆን የወለዱትንም የነካ ነበር።

አልፎም አልተወውም። ጋቢና ውስጥ ብቻውን ሆኖ ከሌለ ሰው ጋር ይጨቃጨቃል። «እንዲህ ብለው ኖሮ፣ እንዲያ ብለው ኖሮ» እያለ ነዳጁን ይረግጣል። የአባቱ ቃል ትዝ አለው፤ «ጫፍ ላይ እወርዳለሁ» ብሎ አለፋት። የሞተሩ ሙቀት ሲወጣ አላየም።

ዳገቱ ጫፍ፣ ገበያው ጥግ ሲደርስ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ሞተሩ ግን ብሶበት ጮኸ። ሰማያዊ ጭስ ገበያውን ሸፈነው። ቁልፉን አጠፋ፤ አልጠፋም። ቁልፉን ነቅሎ በእጁ ይዞት ሞተሩ ይጮኻል። ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ረግጦ ሊያንቀው ሞከረ፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ እንጂ ሌላ አላተረፈም። ጎማው ሥር ድንጋይ ወተፈ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ የናፍጣውን ቧንቧ ፈታው። ናፍጣው መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ሞተሩ ያለ ናፍጣ መጮኹን ቀጠለ። ገበያተኛው ሁሉ ሸሸ። አንዱ ብቻ ከሩቅ ሆኖ፣ «ጠበል እርጭበት» ብሎ አላገጠበት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ለሞተሩ አየር የሚገፋለት ክፍል ተበልቶ ዘይቱን ናፍጣ ወደሚነድበት እየለቀቀለት ነው። ዘይት እኮ ብረት ብረትን እንዳይበላው የሚደረግ ማለስለሻ ነው። ሞተሩ ማለስለሻውን እንደ ናፍጣ እየጠጣ ያነደዋል። ዘይቱ ሲያልቅ ብረቱ ይነካከሳል፣ ሞተሩ ይሰባበራል፤ የአባቱ መኪናም የእናቱም እንጀራ በዚያው ያከትማል። የቀረው ትንፋሹን መዝጋት ነው። የአየር ማጣሪያውን አውልቆ የአየር መግቢያውን አፍ በመዳፉ ሊሸፍን ሞከረ፤ ሞተሩ ስቦ እጁን ሊያስቀርበት ሲል በግድ አላቀቀው። ወፍራም ጨርቅ ቢፈልግ ሸራው ከጭነቱ ጋር በገመድ ተጠፍሯል። «ጌታ ሆይ» ብሎ ቆመ።

በዚህ መሃል አህዮቹ ዳገቱን ጨርሰው ደረሱ። ሽማግሌው ጭሱን አየ፣ የሰውየውን መዳፍ አየ። ምንም ሳይጠይቅ አዲሱን ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ ደራርቦ አጥፎ ሰጠው።

ሹፌሩ ጋቢውን ይዞ ደረቀ። ማን እንደሆነ አውቆታል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ዘይቱ እያለቀ ነው፤ የሰደበውን ሰው ጋቢ ግን እንዲሁ ሊያበላሽ አልቻለም። ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ቅድም የሰደብኩዎት እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌው መለሰለት፤ ምን እንዳለው ቆይቼ እነግርሃለሁ። ቃሉን ሲሰማ ሹፌሩ ጋቢውን በአየር መግቢያው አፍ ላይ ደፈነው፤ ሽማግሌውም እጁን በእጁ ላይ ደርቦ ተጫነ። ሞተሩ ሳበ፣ አነቀው፣ መኪናዋን ከጎን ወደ ጎን ናጣትና ዝም አለ። አህዮቹ ጆሯቸውን ሲያራግፉ እንኳ ይሰማ ነበር።

ሹፌሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ጋቢው በዘይት ጠቁሮ ቀረ፤ መኪናዋ ግን ተረፈች፤ ተጠግና ዛሬም ትሠራለች። በዚያ ዳገት ባለፈ ቁጥር ጫፉ ላይ ዳር ይዞ ይወርዳል። ተናዶ ግን አይደለም። ኮፍያውን አውልቆ፣ «ተመስገን፤ ያንንም ባለ ጋቢ አባት ባለበት ጠብቅልኝ» ብሎ ይሳፈራል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ያ ሞተር የአንተ ልብ ነው። በሽማግሌ ፊት ስትታረቅ ቁልፉን አጥፍተሃል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ከሚያመላልሱት ሰዎች ስትርቅ ናፍጣውንም ዘግተሃል። አሁን የሚነደው የራስህ ዘይት ነው፤ ለወንድምህ ያለህ ፍቅር ነው እንዲህ የሚጤሰው። ባትወደው ኖሮ ይሄኔ በጠፋ ነበር። ፍቅሩ ከውስጥህ ሳያልቅ የንዴቱን ትንፋሽ ዝጋበት። ነገሩን ለሚስትህ ስትደግመው፣ ለጎረቤት ስታወራው፣ መኝታህ ላይ ሆነህ ለራስህ ስትተርከው አየር እየሰጠኸው ነው። በባዶ እጅህም አትችለውም፤ ጸልይና ጋቢ የሚያቀብልህ ሰው ሲመጣ እንቢ አትበል። ማን ያውቃል፣ ይዞት የሚመጣው ያው ታላቅህ ይሆናል፤ ያኔ ማመስገን ነው።

ደግሞ ሽማግሌውን ተመልከተው። እሱም ልብ ነበረው፤ ስድቡን በልቡ እያነደደ ዳገቱን ሙሉ ሊወጣ ይችል ነበር። አልሰማሁም ብሎ ግን አልዋሸም። ይቅርታህ ውሸት መሆኑንና አለመሆኑን የምትለይበት ይኸው ነው፤ ያመመህን አልካድክም፣ እጅህን ግን አልሰበሰብክም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ ራቁት ትከሻውን ንፋስ እየመታው፣ ለማያውቀው ሰው እንዲህ አለው፦

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። አሁን ድፈነው።»