በበዓል ቀን የታየ ውሃ

ነይ ጠጋ በይ ፍሬሰላም፤ የጥቅምት ብርድ በበር ስር እየገባ ነው፣ ጋቢውን ወዳንቺ ሳቢው። ኢንተርኔቱ በኬብል ይግባ ወይስ በአያትሽ የስልክ ሽቦ፣ በዲኤስኤሉ፣ አልሽኝ? ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ምን አውቄ! ብቻ ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ከጓሮው በላይ ትንሽ ምንጭ ነበረችው፤ በእንጨት አሸንዳ ቀስ እያለች ወርዳ በርበሬውን ታጠጣለታለች። ወይ የአሸንዳዋ ድምፅ! ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከታች ደግሞ መንደርተኛው ሁሉ ማሳውን የሚያጠጣበት ትልቅ ቦይ ያልፋል።

ሰውየው የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቦዩ ጢም ብሎ ሲጋልብ አየ። ልቡ ሸፈተ።

«የኛዋማ ትንጠባጠባለች እንጂ ትፈሳለች ይባላል? ችግኙን ወደ ቦዩ አወርደዋለሁ» አለ ለሚስቱ።

«ዛሬ በዓል አይደል እንዴ? ማን ውሃ ከፈተ? ሰው ሁሉ ሲከፍት ይዩት እንጂ» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ውሃ በዓል ያውቃል?» ብሎ ሳቀባት።

በማግስቱ የዓመት ተስፋቸውን፣ ያን ችግኝ፣ ነቅሎ ቦዩ ዳር ተከለው። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ደግሞ ከበዓል ወጥተዋልና እያንዳንዳቸው ወደ ማሳቸው ከፈቱ። እሱ ዘንድ የደረሰው ውሃ እግር እንኳ አያርስም። ማንም አልበደለውም፤ ሁሉም ድርሻውን ነው የወሰደው። በርበሬው ፀሐይ ላይ አንገቱን ሲደፋ ሰውየው ቆሞ አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና መልሶ ነቀለው፤ ታቅፎትም ሽቅብ ወጣ።

ሚስቱ አሸንዳዋ ሥር ቆማ ጠበቀችው። «ውሃ በዓል ያውቃል ወይ፣ ጌታው?» አለችና ችግኙን ከእጁ ተቀበለችው።

እንግዲህ ልጄ፣ ኬብሉ ያ ቦይ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይከፍተዋል። የስልኩ ሽቦ ምንጯ ናት፤ ቀስ ትላለች፣ ግን ያንቺው ናት። ጎረቤት ቤት ኬብሉ ሲበር ያየሽው በቀትር ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ሳለ። ተማሪዎችሽን በኢንተርኔቱ የምታስተምሪው ግን ማታ ነው፣ ሰፈሩ ፊልሙን ሲከፍት። በዚያ ሰዓት ሂጂና እዪው። ካልደከመ አስገቢው፤ ከደከመ የአያትሽ ሽቦ አለልሽ።

በርበሬው ግማሹ ሞተ፤ በተረፈው ዓመቱን እንደምንም ተሻገሩ። ሰውየውም ሚስቱም አርጅተው አለፉ። ቦዩ ደርቆ መንገድ ሆነ። ምንጯ አለች፤ አሸንዳዋ በስብሳ ዛሬ በፕላስቲክ ቱቦ ነው የምትወርደው። ውሃዋ ያው ነው፤ ድምፅ ግን የላትም።