የፊታውራሪው የዋና ትምህርት

ፊታውራሪ ጓንጉል ጥይት አይፈሩም፤ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። ሹመት ለመቀበል ሐይቁን በታንኳ መሻገር ግድ ስለሆነባቸው፣ አንድ ቀዛፊ በወር ውስጥ ዋና ሊያስተምራቸው በሽማግሌ ፊት ተዋዋለ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ዘለው ወጡና ሽማግሌዎቹን አስጠሩ።

«ውሉ ይሻሻል! የእኔን ያህል ሰው እንደ ጉማሬ አይንቦጫረቅም። ከእንግዲህ እሱ ይዋኝ፤ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ እያየሁ እማራለሁ። እምቢ ካለ ይገረፋል፤ ዋና ሳልችል ብቀርም ይታሰራል!»

ቀዛፊው የረጠበ ልብሱን እየጨመቀ እጅ ነሳ።

«እኔ ተስማምቻለሁ ጌታዬ። ብቻ ታንኳው የተገለበጠ ዕለት ‹ውሉ ተሻሽሏል› ብዬ ብጮህ ሐይቁ አይሰማኝም። ሐይቁም እዚሁ ሽማግሌ ፊት ይቅረብና እንዳያሰጥምዎ ዋስ ይጥራ።»