የቀለለው ምላጭ

አንድ አደን የሚወድ ባላምባራስ ነበር፤ ውብነህ ይባላል። ጥይት አንድ በአንድ እየተቀባበለ የሚተኮስበት ደህና ጠመንጃ ነበረው። አውሬ በሳተ ቁጥር ታዲያ የሚወቅሰው ምላጩን ነው። "ይከብዳል፤ ስስበው እጄን ያናውጠዋል" ይላል። የገዛ ዓይኑን አንድ ቀን እንኳ ወቅሶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ።

ጠመንጃውን ይዞ ገብረየስ ወደሚባል ጠመንጃ ጠጋኝ ሄደ። ገብረየስ ትንሿን ብሎን በልኩ አላልቶ የምላጩን ሞላ አቀለለው። ከዚያም እንደ ልማዱ ባዶውን ጠመንጃ አቀባብሎ የደጁን ድንጋይ በሰደፉ ሦስት ጊዜ መታ። ምላጩ ሳይሳብ ጠመንጃው "ቀጭ" ካለ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። አላለም።

"ይኸው ጌታዬ፣ ልኩ ይህ ነው።"

ባላምባራስ ሞከረና ፊቱን አጨፈገገ። "አሁንም ይከብዳል። ጣቴ ገና ሲነካው እንዲተኩስ ነው የምፈልገው።"

"እንዲያ ካደረግሁት ሳይነኩትም ይተኩሳል።"

"እጁ ወርቅ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ለካስ ሸምግሏል!"

ይህቺ ነገር የገብረየስ አጥንት ድረስ ገባች። ብሎኗን ደግሞ አላላት። ድንጋዩን ሲመታ በሁለተኛው ላይ ጠመንጃው "ቀጭ" አለ። ሁለቱም ሰሙ። ባላምባራስ "እኔ ድንጋይ ልመታበት ነው እንዴ!" ብሎ ሳቀ። ገብረየስስ ምን አደረገ? ጠመንጃውን በጨርቅ ወልውሎ አስረከበ።

በሳምንቱ ባላምባራስ ጫንያለው የተባለ ዱካ መሪ አስቀድሞ ቆላ ወረደ። ቀንቶት ጎሽ ጣለ። ጎሹ ድንገት ቢነሣ ብሎ ሁለተኛ ጥይት አቀባበለ፤ ጎሹ ግን አልተነሣም። ባላምባራስ ደስታው አናቱ ላይ ወጣና የተቀባበለውን ጠመንጃ እንደያዘ ይፎክር ጀመር። "ዘራፍ! ጎሽ ገዳይ!" ብሎ ዘለለና ሰደፉን በጎሹ ቀንድ ላይ አሳረፈው። ጠመንጃው ባረቀ። ፊት ለፊት ቆሞ "አበጀህ!" ይለው የነበረው ጫንያለው ደረቱን ተመቶ ወደቀ። ውሃ እንኳ ሳይጠይቅ ሞተ። የሦስት ልጆች አባት ነበር።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ባላምባራስ "ባርቆብኝ ነው፤ ሰይጣን ነው" አለ። እኛ አገር መቼም ሰይጣን ያልገደለው ሰው የለም! ቀጥሎም ወደ ገብረየስ ጠቆመ፤ "ምላጩን ያበላሸው ይኼ ነው።"

"ድንጋዩን መትቼ ቀጭ ማለቱን አሳይቻቸዋለሁ፤ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስቀው እምቢ አሉ" አለ ገብረየስ። ሽማግሌዎቹም "እሱማ ከነገረ ምን ያድርግ?" ሊሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህን ጊዜ የሟች ሚስት ማንጠግቦሽ ተነሣች። ባላምባራስን ዞራም አላየችው።

"አያ ገብረየስ፣ ድንጋዩን ስትመታ ቀጭ ማለቱን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እሱ ምን እንደሆነ ስላልገባው ሳቀ። አንተ ግን ገብቶህ ሰጠኸው። ብሎኗን መልሶ ማጥበቅ ስንት ዙር ነበር?"

ገብረየስ አቀረቀረ። "ሁለት ዙር" አለ።

"ለሁለት ዙር ነው ባሌን የቀበርሁት?"

ከዚያ ወዲያ ራሱን የነቀነቀ ሽማግሌ አልነበረም።

የባላምባራስ ጥፋት ጥፋት ነው፤ ለእሱ ጠበቃ አልቆምም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን "ነግሬ ነበር" የሚለው ሰው ነው። አደጋው ገና በእጁ ሳለ እያወቀ አሳልፎ የሰጠ ሰው፣ መንገሩ ለራሱ ማምለጫ እንጂ ለሟች ምን ፈየደለት? እምቢ ማለት የማይችል ባለሙያ፣ ሙያው ሰው ይፈጃል። ስድብ ፈርቶ ወይም ሙገሳ ሽቶ ልኩን የሚለቅ ሁሉ የገዳዩ ተባባሪ ነው።

እናንተስ ዛሬ ልክ አለመሆኑን እያወቃችሁ፣ ወልውላችሁ ልታስረክቡ ያዘጋጃችሁት ምንድን ነው?