አፈር ስሆን ብላ የሰጠችው በረንዳ

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን ተዉት። ስሟን ብነግራችሁ ከመካከላችሁ «እፎይ፣ እኔን አይደለም» የምትል ትኖራለች፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ማንም እፎይ እንዲል አልፈልግም።

ይህች ሴት ስዊዘርላንድ አገር፣ ሐይቅ ዳር በተሠራ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ የሰው አልጋ ታነጥፋለች። የሰው በረንዳ ትጠርጋለች። ሰው ተቀምጦበት የተነሣውን ወንበር ትወለውላለች፤ እሷ ግን አንድ ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። በልቧ ምን ትላለች? «አምላኬ፣ አንዲት ሳምንት ብቻ እኔም በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ተራራ እያየሁ ሻይ ልጠጣ።» ይህ ክፉ ምኞት ነው? አይደለም። እግዚአብሔርም የሚቆጣበት አይመስለኝም።

እዚህ እኛን ዝናብ ሲደበድበን እዚያ ፀሐይ ነው፤ ሰው ሁሉ ለዕረፍት ይወጣል። ባሏ አጥናፉ ከአበልጃቸው ከስንዱና ከባሏ ጋር ሆኖ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ለሳምንት ቤት ተከራየ። ስንዱ የልጃቸው የማሕደር ክርስትና እናት ናት። እህት በሉት፤ ከእህትም ትቀርባለች።

ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍል አለው። አንዱ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳ አለው፣ ቀይ አበባ ተተክሎበታል፣ ተራራው ፊት ለፊት ነው። ሁለተኛው ምድር ቤት ከኋላ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የቆሙ መኪናዎች ይታያሉ። ሴትዮዋ የበረንዳውን ፎቶ ከስልኳ ላይ ስታየው ነው የከረመችው። የትኛው ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ሳይቀር ወስና ነበር።

ደረሱ። ሻንጣ ይዘው ደረጃው ሥር ቆሙ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እሷም ያንኑ አለች።

«አፈር ስሆን ስንዱዬ፣ ላይኛውን እናንተ ያዙት!»

ከዚህ በኋላ ምን መሆን እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ ያደግንበት ነው። «ኧረ በፍጹም!» መባል ነበረበት። «ሞቼ ልገኝ!» መባል ነበረበት። ሻንጣ መነጣጠቅ፣ መማማል፣ ደረጃ ላይ መገፋፋት ነበረበት። በመጨረሻ ባለ ምኞቷ «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብላ እያቅማማች ትወጣለች።

ስንዱ ግን «እውነትሽን ነው? እግዜር ይስጥልኝ የኔ እናት!» አለችና ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ወጣች! በአንድ ቃል!

ሴትዮዋ ደረጃው ሥር ደርቃ ቀረች። ማታ ለባሏ «አየሃት? ዐይኗን በጨው አጥባ!» አለችው። አጥናፉ ገራገር ሰው ነው፤ «አንቺው አይደለሽ የሰጠሻት?» አላት። «አንተ ዝም በል!» ተባለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት ያንገበግባት ያዘ። ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው አይብ ሲበሉ ዐይኗ በረንዳው ላይ ነው። ወንዝ ዳር ሲሄዱ ወደ ኋላ ዞራ በረንዳውን ትፈልጋለች። የስንዱ ፎጣ በረንዳው ላይ ተሰጥቶ ካየች ምሳዋ አይወርድላትም። ስንዱ ቁርስ ላይ ዐይኗ አብጦ ስታዛጋ «እንቅልፍ ጠግባ ነዋ!» ትላለች በሆዷ። ስንዱ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አለመታየቷ ደግሞ ባሰ። «አትቀመጥበት ነገር፣ ምነው ለሰው ብትተወው?» የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ደወል እንኳ ከኋላ ወዳለው ወደ እሷ ክፍል በግድግዳ ታፍኖ፣ ለስለስ ብሎ ሲመጣ «እሷ እኮ ይህንንም ከነተራራው ነው የምትሰማው» ብላ ቀናች። በደወል ቀናች!

አንድ ቀን ማሕደር እጇን ጎተት አድርጋ «እማዬ፣ ተራራው እኮ በዚያ በኩል ነው» አለቻት። ልጅ ነች፤ እናቷ ምን እያየች እንደሆነ አልገባትም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። በገመድ ላይ በሚሄደው ኬብል ካር ተራራው ጫፍ ሊወጡ ተነሡ፤ ሴትዮዋ ግን «ራሴን አሞኛል፣ እናንተ ሂዱ» አለች። ስንዱ «እኔም አብሬሽ ልቅር» ብትላት እምቢ አለች። ራሷን አላመማትም። ቤቱ ባዶ እንዲሆንላት ፈልጋ ነው።

መራቃቸውን ስታረጋግጥ ሻይዋን ቀዳች። ደረጃውን ወጣች። የስንዱን ክፍል ከፍታ ገባች። የሰው ክፍል ነው፣ ወገኖቼ! የአበልጇ ክፍል!

እንግዲህ ሥራዋ ነውና መጀመሪያ ያየችው አልጋውን ነው። አልጋው አልተተኛበትም። አንሶላው ባለቤቶቹ እንዳነጠፉት ነው። መታጠቢያ ቤቱን ገለጥ ብታደርግ ብርድ ልብሱና ትራሱ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል፤ በበሩ ሥር ፎጣ ተወትፏል። «ተጣልተው ይሆን እንዴ?» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ? ልቧ ደስ አላት። የልጇን ክርስትና እናት ትዳር በሐሳቧ አፍርሳ ልቧ ደስ አላት! ቅናት እስከዚህ ድረስ ነው የሚያወርደው።

በረንዳው ላይ ወጣች። ያንን ወንበር ሳበች። ተቀመጠች። ሻዩን ወደ አፏ አስጠጋች።

ዳን!

የደወሉ ማማ ከበረንዳው አጠገብ ነው፤ እጅ ቢዘረጋ የሚደረስበት ይመስላል። ፎቶው ላይ አልነበረም፤ ከውጭም ሳምንቱን ሙሉ ዐይኗ በረንዳው ላይ ተተክሎ ማማውን ልብ ብላ አላየችውም። ሻዩ ጭኗ ላይ ፈሰሰ። ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ አጎነበሰች። ገና ሳትረጋጋ ሩብ ሰዓት ሞላና ደገመ። በየሩብ ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም! ያን ጊዜ መታጠቢያ ቤቱ ለምን መኝታ ቤት እንደሆነ ገባት።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ማሕደር እየሮጠች ገባች። «እማዬ! አየንሽ! እላይ በሳንቲም የሚያሳይ ትልቅ መነጽር አለ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ አየንሽ! ሁላችንም እጃችንን አወዛወዝንልሽ፣ አንቺ ግን አጎንብሰሽ ነበር!»

ምድር ተከፍታ በዋጠቻት። ስንዱ ልጅቷን ወደ አባቷ ላከቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስንዱ፣ ይህን ሁሉ ቀን ሲሚንቶ ላይ? ምነው አንዲት ቃል ብትነግሪኝ?»

«አፈር ስሆን ብለሽ የሰጠሽኝን ክፍል ጮኸብኝ ልበልሽ? ከሰው አልተፈጠርኩም እንዴ?»

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው በአንድ ቃል ወሰድሽው?»

ስንዱ አየቻት። «ዓመቱን ሙሉ በረንዳ ስትጠርጊ ነው የምትኖሪው። የሰለቸሽ መሰለኛ! አንዴ ‹ፈልጌው ነበር› ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

ሴትዮዋ አለቀሰች። ስንዱም እንባዋን እየጠረገችላት «ምነው ዛሬ እንኳ አብረሽን በመጣሽ» አለቻት። «ማሕደር ‹ይህ የእማዬ ቦታ ነው› ብላ ኬብል ካሩ ውስጥ አጠገቧ ሹራቧን አስቀምጣ ነበር። ስንወጣም፣ ስንወርድም። ሰው ሊቀመጥ ሲል አላስነካ አለች።»

በማግስቱ ማለዳ ወደሚኖሩበት ከተማ ተመለሱ። ሴትዮዋ ተራራውን በደንብ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ በመኪናው የኋላ መስታወት፣ እየራቀ ሲሄድ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስነግር ሰው ሁሉ ይስቃል። «እሰይ፣ ለካ ስንዱም አልደላትም!» ይላል። እንደዚያ ካላችሁ ምንም አልሰማችሁኝም። ደወሉ ባይኖርስ? ስንዱ ሳምንቱን ሙሉ ተመችቷት ተኝታ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ቅናቱ ልክ ይሆን ነበር? ሰው ካልተቸገረ በቀር ደስታውን ይቅር ልንለው አንችልም ማለት ነው?

እናንተስ? «አንቺ ቅደሚ» ብላችኋት፣ ቀደመች ብላችሁ የምትጠሏት የለችም? «ግድ የለም፣ አንተ ውሰደው» ብላችሁት፣ ወሰደ ብላችሁ ሰላምታ የነፈጋችሁት ወንድም የለም? በአፋችሁ ሰጥታችሁ በሆዳችሁ ያልለቀቃችሁት ምንድን ነው? ፈልጋችሁት ከነበረ «ፈልጌው ነበር» በሉ፤ አያሳፍርም። ከሰጣችሁ ደግሞ ስጡ!

ለሌላው የተሰጠውን ቀና ብላችሁ ስታዩ አንገታችሁ ደርቋል። አምላክ ለእናንተ ያዘጋጀው ከጀርባችሁ ቆሟል። እዚያው አጠገባችሁ ደግሞ ልጃችሁ፣ ባላችሁ፣ ሚስታችሁ፣ ቦታችሁን በሹራብ ይዞላችሁ እየጠበቀ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን ሹራብ አንሡና ተቀመጡ።