ቅቤ የጠጣው ካቴና

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የአንዲት ብስክሌት ነገር ላጫውታችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አያልነሽ የምትባል ሴትዮ ነበረች። የልጅነት ጓደኛዋና ጎረቤቷ የሻረግ፣ ነገ ጠዋት ጓዟን ጠቅልላ ጎንደር ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው። አያልነሽ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ተማሪነታቸው ጊዜ የሻረግን ከኋላ አፈናጥጣ ጣና ዳር ድረስ መንዳት።

ብስክሌቷን ከዕቃ ቤት አውጥታ «ሂጂ» አለቻት። «ካቴናው ካልዞረ አልሄድም» አለች ብስክሌቷ።

ካቴናውን «ዙር» አለችው። «ቅቤው ካልለቀቀኝ አልዞርም» አለ። እውነቱን ነው። አያልነሽ በየበዓሉ ፀጉሯን ስትቀባ፣ ሥራ ፈትቶ የቆመው ካቴናም እንዳይደርቅ ብላ ቅቤ ትለቀልቀው ነበር። አሁን ከአቧራው ጋር ተጋግሮ ጥቁር ጭቃ ሆኗል።

ቅቤውን «ልቀቅ» አለችው። «ላምባ ካላሟሟኝ አልለቅም» አለ። ቅቤው አይለቅ፣ ካቴናው አይዞር፣ ብስክሌቷ አትሄድ።

ላምባውን «ውጣ» አለችው። «የጠርሙሱ ቡሽ ካልተነቀለ አልወጣም» አለ። ላምባው አይወጣ፣ ቅቤው አይለቅ፣ ካቴናው አይዞር፣ ብስክሌቷ አትሄድ።

እጇን «ንቀል» አለችው። ቁርጥማት የያዘው እጇ «ጠርሙሱን ሌላ ሰው ካልያዘልኝ አልነቅልም» አለ። እጇ አይነቅል፣ ላምባው አይወጣ፣ ቅቤው አይለቅ፣ ካቴናው አይዞር፣ ብስክሌቷ አትሄድ።

ሌላ ሰው ያለው ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ የሻረግ ዕቃ ስትሸክፍ ይሰማል። ምላሷን «ጥራት» አለችው። «ኩርፊያው ካልበረደ አልጠራም» አለ። የሻረግ እሄዳለሁ ካለች ወዲህ አያልነሽ አኩርፋ፣ እሷን ላለማየት ገበያ እንኳ በሌላ መንገድ ነበር የምትሄደው። ምላሷ አይጠራ፣ እጇ አይነቅል፣ ላምባው አይወጣ፣ ቅቤው አይለቅ፣ ካቴናው አይዞር፣ ብስክሌቷ አትሄድ።

ኩርፊያን ማን ያዝዘዋል? አያልነሽ ደክሟት ቁጭ አለችና የኋላውን መቀመጫ አየችው። የሻረግ እዚያ ላይ ሆና፣ የአያልነሽን ወገብ በሁለት እጇ ይዛ፣ ትምህርት ቤት እስኪደርሱ ትዘፍን ነበር። ገና ሳትሄድ ናፈቀቻት። እንባዋ መጣ፤ ኩርፊያውም በረደ።

«የሻረግ» ብላ በአጥሩ በኩል ተጣራች፤ «ያኮረፍኩት እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው። ነይ፣ ጠርሙሱን ያዢልኝ።»

ኩርፊያው በርዶ ምላሷ ጠራ፣ የሻረግ መጥታ ጠርሙሱን ያዘች፣ እጇ ነቀለ፣ ላምባው ወጣ፣ ቅቤው ለቀቀ። ሁለቱም እስከ ክርናቸው ጠቁረው፣ በአሮጌ ጨርቅ እየወለወሉ ያለፈውን ሲያነሱ ሲጥሉ ካቴናው ጸዳ፣ ካቴናው ዞረ፣ ብስክሌቷም ሄደች።

ጣና ከሩቅ መታየት ሲጀምር የሻረግ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ቀስ በይ» አለቻት፤ «ቶሎ እንዳንደርስ።»

አያልነሽም ቀስ አለች።