ግፍ የሚባለው የቱ ነው

አሁን አሁን ሰው ታክሲ ቢያመልጠው «ግፍ ነው» ይላል። ወጡ ጨው ቢበዛበትም ግፍ። እኔ ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ግፍ ቦታ አለው። እኛ አገር ቦታውን የሚያሳይ አነጋገር አለ፤ አነጋገሩ የመጣውም በአክስቴ በአንጓች እልህ ነው።

አገራችን በበጋ የሚያለማው ከወንዝ በተጠለፈ አንድ ቦይ ነው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለውን ሰው ሕዝቡ ራሱ መርጦ ያስምለዋል፤ የውሃ አባት ይባላል። ተራ በስምንት ቀን አንዴ ነው የሚደርስ። የዚያን ዓመት የውሃ አባት አያ ደምሌ ነበር።

አንጓች ባሏ ሞቶባት ያላት አንድ ማሳ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። ተራዋ በደረሰ ቀን ዶማዋን ይዛ ብትወርድ ቦዩ ደርቋል። ቦዩን ተከትላ ሽቅብ ብትወጣ፣ ውሃዋ በደምሌ በርበሬ ውስጥ ይንጎራደዳል።

«ግፍ ነው!» ብላ ጮኸች። በየማሳው ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።

ደምሌ ደነገጠ። በኛ ደንብ ግፍ የተባለን ነገር ሸንጎ ሳያየው አይቀርም።

«እታለም፣ ቀስ በይ እንጂ! በርበሬው ሊሞትብኝ ሆኖ ነው። ቃሉን አንሺልኝና ነገና ከነገ ወዲያ ሁለት ተራ ልስጥሽ።»

«የማንን ተራ?»

ደምሌ ዓይኑን ወደ ጎረቤቷ ማሳ ወረወረ።

«የጎረቤቴን ነጥቀህ ልትሰጠኝ ነው? አላነሳም!»

ሸንጎው እስኪሰበሰብ ሁለት ቀን አለፈ። የሽንኩርቷ ጫፍ ቢጫ ሆነ። «አንቺ ሴት፣ ውሃ ነው እንጂ ሰው አልሞተ፤ ሁለቱን ተራ ብትቀበይ ምናለ?» አሏት ጎረቤቶቿ።

«ሽንኩርት ከርሞም ይተከላል። ዛሬ ዝም ካልኩ ግን ከርሞ ውሃም የለኝ» አለች።

በሸንጎው ሽማግሌው አባ ይርሳው ደምሌን፣ «ምለህ አልነበረም?» አሉት።

«ምያለሁ።»

ሌላ አልጠየቁትም። ከሹመቱ ሻሩት፤ ውሃውም ያኔውኑ ወደ አንጓች ማሳ ዞረ። ግማሹ ሽንኩርት ዳነ።

ደምሌ ነደደው። «አምና ጫኔ የሷኑ ውሃ ሰርቆ አንድ ቀን ቦይ ጠርጎ ታለፈ! ያኔ ግፍ ያለ አልነበረም። እኔ ጋ ሲደርስ ነው?»

ጫኔ ከሰው መሀል ሆኖ ሳቀ፤ ሌብነቱን የማይክድ ሰው ነው። «አያ ደምሌ፣ እኔንማ ማን አምኖኝ ያውቃል? አንተን ግን አስምለን ነው ያስቀመጥንህ፤ ሌባ ቢወስድ ጉዳት፣ ጠባቂ ቢወስድ ግፍ!»